አገጭ ከብረቱ በላይ

ሙና አብዱልመሊክ ብርካ ውስጥ የገባችው በሚያዝያ 2015 አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። «ወደቅሽ» ሲሏት ትቆጣለች። «የወደቀው መሰላሉ ነው፤ እኔ አብሬው ነበርኩ» ትላለች።

ሙና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ጅጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከቤት ስትወጣ ሶማሊኛ የምትናገር፣ የሚንፈራገጥ ግመል አንገት ላይ መርፌ ስትወጋ እጇ ንቅንቅ የማይል ሴት። ያን ዕለት ከመሥሪያ ቤቷ ሾፌር ከዴቅ ጋር ከቀብሪበያ ወዲያ ወዳለች ትንሽ መንደር የሄዱት ፍየሎቹን ተቅማጥ ሊጨርሳቸው ነው የሚል ስልክ ተደውሎ ነው። ከረጅም ድርቅ በኋላ ዝናብ ጥሎ ነበር። ብርካው፣ ያ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ሰፊ ጉድጓድ፣ ወገብ የሚደርስ ውሃ ይዟል። ሙና ውሃውን ጠረጠረችው። ዴቅ መድኃኒቱን ከመኪናው እስኪያወርድ ብላ ባዶ ጠርሙስ ይዛ በእንጨቱ መሰላል ወረደች።

ጠርሙሱን ሞላች፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መውጣት ጀመረች። ጥቂት እንደወጣች መሰላሉ ከወገቡ ተሰበረ፤ እሷም ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች።

አልተጎዳችም። ተነሥታ ልብሷን ጨመቀች፤ ሳቀችም። ከዚያ የተረፈውን የመሰላል ግማሽ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወጣችና፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የተጋደመውን ባልዲ የሚጎተትበት የብረት ቱቦ በሁለት እጇ ጨበጠች። ያን ጊዜ እግሯ ሥር የነበረው ግማሽ መሰላል ተንሸራቶ ሄደ።

ተንጠልጥላ ቀረች። ፀሐዩ፣ ነፋሱ፣ የፍየሎቹ ድምፅ ከራሷ በላይ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሷን ወደ ላይ መሳብ። ሳበች። ምንም የለም። በእግሯ ግድግዳውን ረገጠች፤ ሙልጭልጭ ያለ አረንጓዴ ለብሶ ስለነበር አንሸራተታት። ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሳበች። ክርኖቿ ትንሽ ታጠፉ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ተመልሰው ተዘረጉ። ጣቶቿ ከዷት፤ ውሃው ውስጥ ተመለሰች።

«ዴቅ!» ብላ ጮኸች።

ዴቅ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ከፍቷል።

መሰላሉን እያስደገፈች ሦስት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው ላይ ተንጠልጥላ ሳለች ከላይ ቢጫ ጄሪካን ታየ፤ ቀጥሎ የአንዲት ሴት ፊት። ቃሊ ትባላለች፤ ሃምሳዎቹን ጨርሳ ወደ ስድሳ የምትጠጋ፣ ከዚያ ብርካ በየቀኑ ውሃ የምትቀዳ የመንደሩ ሴት። ምንም አልጠየቀችም። ጋርባሳሯን፣ ያን ሰፊ ሻርፕ፣ ከትከሻዋ አውርዳ የሙና የእጅ አንጓ ላይ ጠመጠመችው፤ ቁጭ ብላ ተረከዟን ቱቦው ላይ አስደግፋ ወደ ኋላ ተለጠጠች። ሙና ክርኗ ከጠርዙ በላይ ሲወጣ፣ ደረቷ ሲወጣ፣ ጉልበቷ ሲወጣ ይሰማታል። መሬቱ ላይ በሆዷ ተዘረጋች።

ቃሊ ጋርባሳሯን ፈትታ አራገፈችና በሶማሊኛ፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ ጠየቀቻት።

«ዶክተር፣ ራስሽን መሸከም አትችዪም እንዴ?»

ሙና ያን ቀን ፍየሎቹን መረመረች፤ መድኃኒት ሰጠች። ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ክንዷን እያሸች በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ዴቅ የተናደደችበት መስሎት ሬዲዮውን አጥፍቶ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ግን የምታስበው ስለ እሱ አልነበረም። የቃሊን ክንድ ነበር የምታስበው፤ ቀጭን፣ ጅማቱ እንደ ገመድ የተገመደ ክንድ።

በማግስቱ ጅጅጋ ውስጥ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ጀርባ ያለውን የባህሩን ጂም አንኳኳች። ባህሩ በያጅ ነው፤ የጂሙን ብረቶች ሁሉ ከውሃ ቱቦ ራሱ የበየዳቸው። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ጂሙ የሴቶች ነው፤ መጋረጃው ይወርዳል፣ ባህሩም ቁልፉን ለአሠልጣኟ ለሱዕዲ ሰጥቶ ይሄዳል። ሱዕዲ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ።

«ክብደት መቀነስ ነው የምትፈልጊው?» አለቻት።

«አይደለም። ፑል አፕ መሥራት ነው የምፈልገው፤ ብረት ላይ ተንጠልጥዬ ራሴን መሳብ። አንድ ብቻ።»

ሱዕዲ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት። «አንድ ብቻ? እሱ ነው እኮ ከባዱ። ከአንድ ወደ አሥር ከመሄድ ከዜሮ ወደ አንድ መሄድ ይከብዳል። ነይ ተንጠልጠዪ።»

ሙና ዘልላ ብረቱን ያዘች። ሱዕዲ ስልኳን አውጥታ ቆጠረች። አሥራ አንድ ሰከንድ።

«ጥሩ» አለች ሱዕዲ። «አሥራ ሁለት አድርጊያት።»

እንዲህ ተጀመረ። የመጀመሪያው ወር መንጠልጠል ብቻ ነበር፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሠላሳ ሰከንድ። ከዚያ ክንድ ሳይታጠፍ ትከሻን ብቻ ወደ ታች ስቦ መልቀቅ፤ ሰው ቢያየው ምንም የማትሠራ ይመስለዋል፣ እሷ ግን በማግስቱ ፀጉሯን ማበጠር ያቅታታል። ከዚያ ደግሞ ወንበር ላይ ቆማ አገጯን ከብረቱ በላይ አድርጋ፣ እግሯን ከወንበሩ አንሥታ ቀስ ብላ መውረድ። «መውጣት ባትችዪ መውረድ ትችያለሽ» ትላለች ሱዕዲ፤ «ግን እንደ ጆንያ አትውረጂ! እየተከራከርሽ ውረጂ!» ሙና በአምስት ሰከንድ፣ በስምንት፣ በአሥር ሰከንድ እየተከራከረች ወረደች። ከዚያ የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ ብረቱ ላይ ታሰረና አንድ ጉልበቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ወደ ላይ ትሳብ ጀመር፤ ላስቲኩ ከሥር ይገፋታል፣ እሷ ከላይ ትስባለች። ላስቲኩ ሲገፋት በደስታ ትጮኻለች፤ ሱዕዲ ደግሞ «የላስቲኩ ነው፣ አትኩሪ» ትላታለች።

መዳፏ ተላጠ፣ ደረቀ፣ ጠነከረ። ሐምሌ ላይ ወደዚያች መንደር ለክትባት ስትመለስ ቃሊን ብርካው አጠገብ አገኘቻትና ሳትጠየቅ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻት። «ኤዶ ቃሊ፣ እዪ!» አለቻት፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

ቃሊ መዳፏን ይዛ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው መረመረችው። ከዚያ የራሷን አጠገቡ ዘረጋች። የሙና አራት እብጠት አለው፤ የቃሊ ግን መዳፉ በሙሉ አንድ ቆዳ ነው።

«ምን ስትሠሪ ነው?»

«ብረት ላይ እንጠለጠላለሁ። ከተማ ውስጥ ቦታ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ራሴን ወደ ላይ እስባለሁ። ገና አልቻልኩም እንጂ።»

«ላይ ምን አለ?»

ሙና አሰበች። «ምንም የለም» አለች።

ቃሊ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ውሃ ሊቀዱ የመጡትን ሴቶች ጠርታ ነገረቻቸው፤ እነሱም ሳቁ። ሙናም አብራቸው ሳቀች። ግን ስትሄድ ቃሊ እስከ መኪናው ተከትላት መጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ብረቱ ምን ያህል ውፍረት አለው?» ብላ ጠየቀቻት።

ኸሊፍ፣ የሙና ባል፣ የሒሳብ መምህር ነው። ሚስቱ ቤት ውስጥም እንድትለማመድ ብሎ የሳሎኑ በር መቃን ላይ ቱቦ አስገጠመላት። «እስኪ መጀመሪያ እኔ ልሞክረው፣ አደጋ እንዳይኖረው» ብሎ ተንጠለጠለ። ክብደቱን፣ የብሎኑን ርዝመት፣ ሁሉን አስልቶ ነበር። አንዴ ሲሳብ ቱቦው፣ መቃኑና የግድግዳው ልስን አንድ ላይ ወረዱ። አቧራው ሲጠራ ኸሊፍ መሬት ላይ ቱቦውን በሁለት እጁ እንደያዘ ተቀምጧል።

«ግድግዳውን አላሰላሁትም» አለ።

ሙና ለመሣቅ ግድግዳ መደገፍ ፈለገች፤ ግን የትኛውን እንደምታምን አላወቀችም።

ነሐሴ ላይ ነገሩ ቆመ። ያለ ላስቲክ ስትስብ ብረቱ ከቅንድቧ ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጣት እንኳ አትጨምርም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ቅንድብ ላይ። ከእሷ በኋላ የጀመረች የባንክ ሠራተኛ ሁለት ሠርታ በእልልታ ስትወርድ ሙና አጨበጨበችላትና ልብስ መቀየሪያ ገብታ አለቀሰች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄደችም። ሱዕዲ ቤቷ ድረስ መጣች።

«ጤንነትሽ?»

«ደህና ነኝ። ይኸው ቅንድቤ ድረስ ነኝ። አላህ ለኔ እስከ ቅንድብ ነው የጻፈልኝ።»

«አላህ ላይ አታላክኪ» አለች ሱዕዲ። ስልኳን አውጥታ ሳታሳውቃት የቀረጸችውን ቪዲዮ አሳየቻት። «እዪ፣ ስትጀምሪ ትከሻሽ ጆሮሽ ላይ ነው። በክንድሽ ብቻ ነው የምትስቢው። ጀርባሽ ቤቱ ተኝቷል። ክንድ የሚባል ነገር እንዳለሽ እርሺው። ክርንሽን ኪስሽ ውስጥ ልትከቺው ነው የምትፈልጊው፤ ገባሽ? ወደ ላይ አትሂጂ። ክርንሽን ወደ ኪስሽ ላኪው።»

ሙና ቪዲዮውን አምስት ጊዜ አየችው። ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ጂሙ በር ላይ ቆማ ነበር። ክርኗን ወደ ኪሷ ላከችው። ብረቱ አፍንጫዋ ጋ ደረሰ። አፍንጫዋ! ወርዳ ሱዕዲን አቅፋ አሽከረከረቻት።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሱዕዲ ወረቀት ለጠፈች። ጥቅምት ላይ፣ በአንድ የሠርግ አዳራሽ፣ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት የብረት ውድድር። ከጅጅጋ፣ ከቀብሪበያ፣ ከደምበልም የሚመጡ አሉ። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ብዙ ፑል አፕ የሚሠራበት፣ ሌላው ረጅም ጊዜ ተንጠልጥሎ የሚቆይበት። ሙና ሳትጠየቅ ስሟን የመጀመሪያው ላይ ተጽፎ አገኘችው።

«አንድም አልሠራሁም እኮ!»

«ውድድሩ እስኪደርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለ» አለች ሱዕዲ።

አሥራ ዘጠኙ ቀን አለቀ፤ ሙና አፍንጫዋ ላይ ነበረች።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ከሠርግ ይልቅ ሞቀ። ባህሩ ብረቱን መድረኩ ላይ ገጥሞ፣ ሁለት ጊዜ ነቅንቆ፣ ሴቶቹ መግባት ሲጀምሩ በጓሮ በር ወጣ። ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ እናቶቻቸው፣ የእናቶቻቸው ጎረቤቶች። ዳኛዋ ፈርሂያ የምትባል ከደምበል የመጣች የስፖርት መምህርት ናት፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። ማይኩን ይዛ ሕጉን ነገረች። ክንድ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ መጀመር የለም፤ በእግር መወራጨት የለም፤ አገጭ ከብረቱ በላይ ካልወጣ አይቆጠርም። መዳፍን ወደ ፊት አዙሮም ሆነ ወደ ራስ አዙሮ መያዝ ይቻላል።

ልክ መንጠልጠሉ ሊጀመር ሲል የአዳራሹ በር ተከፈተ። ቃሊ ናት፤ ከኋላዋ አራት የመንደሯ ሴቶች። በሚኒባስ መጥተዋል። ሙና ባለፈው ሳምንት ለዴቅ እግረ መንገዱን እንዲነግራት አደራ ብላው ነበር፤ ትመጣለች ብላ ግን አላሰበችም።

«ኤዶ! ልታዪኝ መጣሽ?»

«ልይሽም ብዬ ነው» አለች ቃሊ። «ያ የሚንጠለጠሉበት የት ነው የሚመዘገቡት?»

ስድስት ሴቶች በየተራ ተንጠለጠሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ ቆይታ አዳራሹን በጭብጨባ ሞላችው። የመጨረሻዋ ቃሊ ነበረች። ጋርባሳሯን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ወንበር ቀርቦላት ወጣችና ብረቱን ያዘች። ወንበሩ ተነሣ።

ሠላሳ ሰከንድ። አንድ ደቂቃ። ቃሊ አዳራሹን እየቃኘች ነው። አንድ ደቂቃ ከሃያ ላይ ወደ ፈርሂያ አንገቷን አዙራ፣ «ውድድሩ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብላ ጠየቀች።

አዳራሹ ፈነዳ። ፈርሂያ ሳቋን ለመያዝ ጀርባዋን ሰጠች። አንድ አርባ ሁለት ሲያልፍ ተማሪዋ ራሷ ተነሥታ ጮኸች። ሁለት ደቂቃ። አሁን የቃሊ ጣቶች ነጡ፤ ከንፈሯ ተጣበቀ፤ አልሳቀችም። ሁለት ከሠላሳ። ሴቶቹ በሶማሊኛም በአማርኛም እየተቀባበሉ ይቆጥራሉ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ላይ ቃሊ በቃኝ እንዳለ ሰው ብረቱን ለቃ በሁለት እግሯ አረፈች። እልልታው ውጭ መንገድ ላይ ያሉ ባጃጆችን አስቆመ አሉ። ሽልማቱ የስፖርት ጫማ ነበር። ቃሊ እዚያው መድረኩ ላይ ተጫምታው ወረደች፤ አንድ ቁጥር ይሰፋታል።

ቀጥሎ ፑል አፑ መጣ። የባንክ ሠራተኛዋ አምስት ሠራች። ከደምበል የመጣች ቀጭን ልጅ ያለ እረፍት ዘጠኝ ሠርታ እንዳልደከማት ወረደች። አንዷ አራት፣ አንዷ ሦስት። ከዚያ «ሙና አብዱልመሊክ» ተባለ።

መድረኩ ላይ ወጣች። መዳፏን ወደ ፊት አዙራ ያዘች፤ ሁሌ የምትለማመደው እንደዚያ ነው። ሳበች። ቅንድብ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር። ብረቱ ከንፈሯን ነካ፤ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ቆመች። ተንቀጠቀጠች። ወረደች።

«አልተቆጠረም» አለች ፈርሂያ። «ሁለተኛ ሙከራ አለሽ። አንድ ደቂቃ ዕረፊ።»

ሱዕዲ ከመድረኩ ሥር ሁለት መዳፏን ወደ ራሷ አዙራ እያሳየቻት ነበር። «አዙሪው! ወደ ራስሽ አዙሪው!» መዳፍ ወደ ራስ ሲዞር የክንድ ጡንቻ የበለጠ ያግዛል፤ ትንሽ ይቀላል። ሙና ይህን ታውቃለች፤ ግን ማጭበርበር ይመስላት ስለነበር ሞክራው አታውቅም። ፈርሂያን አየቻት። ፈርሂያ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሕጉ ይፈቅዳል። አንቺን ብቻ ነው የሚጠብቀው።»

አዞረችው። ጨበጠች። ተንጠለጠለች፤ ክንዷ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ። ትከሻዋን ከጆሮዋ አወረደች። ክርኔን ወደ ኪሴ፣ አለች በልቧ። ሳበች። ቅንድብ አለፈ። አፍንጫ አለፈ። ከንፈር ጋ ሲደርስ ሰውነቷ ያችን የታወቀችውን መቆሚያ አገኘና ሊቆም ፈለገ። አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው «ኪስሽ!» ብሎ ጮኸ፤ ሱዕዲ መሆኗን ያወቀችው በኋላ ነው። ሆዷ ውስጥ፣ ጀርባዋ ውስጥ፣ እግሯ ጣት ውስጥ የቀረ ነገር ሁሉ ተሰብስቦ መጣ። አንገቷን አልዘረጋችም። ክርኗ ወረደ፤ እሷ ወጣች። ብረቱ ከአገጯ በታች፣ ጉሮሮዋ አጠገብ ነበር።

«አንድ!» አለች ፈርሂያ በማይኩ።

ሙና አልወረደችም። እዚያው ላይ ሆና አዳራሹን አየች። ሁለት መቶ ሴቶች ቆመዋል። ከዚያ ላይ ሁሉም ፊት ይታያል፤ የቃሊ ነጭ ጫማ፣ የሱዕዲ ክፍት አፍ፣ ፈርሂያ በመጨረሻ ስትስቅ። ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ከሳቁ የተነሣ ጉልበት አጣችና እንደ ጆንያ ወረደች። ሱዕዲ መድረኩ ላይ ዘልላ ወጥታ ያዘቻት። ሁለቱም ወደቁ።

«ሁለተኛ ፑል አፕ ለምን አልሞከርሽም?» አለች ሱዕዲ መሬት ላይ ተኝታ።

«ረሳሁት!»

ውጤቱ ሲለጠፍ ከዘጠኝ ተወዳዳሪ የሙና ስም ከታች ነበር፤ ከፊቱ «1» ተጽፏል። ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ቃሊን ከነሴቶቹ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘቻት፤ ቃሊ ጫማውን መንገዱን ሙሉ እያየች ነበር የምትሄደው።

ባጃጁ ቤቷ ጋ ሲደርስ ኸሊፍ የግቢውን በር ከፍቶ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ ሊደውልላት ፈልጎ፣ እንዳይረብሻት ብሎ አልደወለም። ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ሲበታተን፣ ክንዷ ከጎኗ ሲንጠለጠል አየና ለማጽናናት ፊቱን አዘጋጀ።

«ስንተኛ ወጣሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሙና ባጃጁ ሳይቆም ዘልላ ወረደች።

«የመጨረሻ!» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ብቅ አለ። «የመጨረሻ ወጣሁ፣ ኸሊፍ! በአንድ!»